አክስቴና የቀበሌው ድምፅ ማጉያ

«አንቺ ልጅ፣ ሰላምታሽ ሳያልቅ ሰው አርሲ ነገሌ ደርሶ ይመለሳል!» ዛሬ ጠዋት አክስቴ ይህን ብላ ስልኬን ቀማችኝ።

አስተምርበት የነበረው የግል ትምህርት ቤት የሠራሁለትን ቪዲዮዎች በሌላ ሰው ስም ለቀቃቸው፤ «ለምን?» ስል አባረረኝ። አንገቴን አልደፋሁም፤ እዚሁ አዳማ በግሌ ላስጠና ተነሳሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን አንድም ተማሪ አልመጣም።

ዛሬ «ውድ ተመልካቾቼ፣ እንደምን አላችሁ» እያልኩ ማስታወቂያዬን ለአራተኛ ጊዜ ስቀርጽ ነው አክስቴ የደረሰችብኝ።

እሷ በደርግ ጊዜ በቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሰውን ወደ መሠረተ ትምህርት ትጠራ ነበር። ሌሎቹ «ጓዶች!» ብለው መፈክር ሲያነበንቡ መንገደኛው ዞር አይልም። እሷ ግን «እናትዬ፣ የልጅሽን ደብዳቤ ማን ያነብልሻል?» ስትል ገበያተኛዋ ዘንቢሏን እንደያዘች ትቆማለች።

እኔ በዲግሪ ያላገኘሁትን ዘዴ እሷ በድምፅ ማጉያ አግኝታዋለች!

ስልኬን ተቀብዬ ሰላምታውን ቆረጥኩና «እናትዬ፣ ልጅሽ የሂሳብ የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ ምን ትይዋለሽ?» ብዬ ጀመርኩ። ሃያ ሰከንድ ብቻ! ወዲያው ለቀቅኩት።

ከምሳ በፊት አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ በሬን አንኳኳች። «እኔን ነው የጠራሽኝ?» አለችኝ።

ቪዲዮው ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ የአክስቴ። የእናንተንስ ሥራ እንዲህ በአንድ ጥያቄ ያቀናላችሁ ማን ነው? ስሙን ሳትደብቁ ጻፉልኝ።