የወንድሜ ኮሮላ አልነሳም ያለች ቀን

ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ አባቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከመጫኗ በፊት ድምፅዋን ልስማ» አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ የእሽቅድድም መኪና ነበረችው። አሮጌ ኮሮላ ናት። የኋላ ወንበሯን ነቅሎ፣ ውስጧን በብረት አጥሮ፣ ሞተሯን ሦስቴ አውርዶ ስድስት ዓመት ሙሉ ላቡን አፍስሶባታል። በዓመት አንዴ በአይሱዙ ተጭና አዲስ አበባ ለውድድር ትሄዳለች። ግማሿ እዚያ ያለው ጓደኛው ድርሻ ናት። ወንድሜ ሲሞት ጓደኛው የሚጭናት መኪና ላከ፤ ከሰዓት በኋላ ጋምቤላ ይገባል ተባለ።

አባቴ አንድም ቀን ሊያያት ፈልጎ አያውቅም። ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እቤት የምናወራው በራሳችን ቋንቋ ነው፤ የመኪና ነገር ሲነሳ ግን አማርኛ ይቀድመዋል። «እህል የማይጭን፣ ሰው የማይጭን፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው የሚመለስ፣ ይሄ ደግሞ ምን መኪና ነው!» ይል ነበር። ወንድሜ ይስቃል። አሁን የአባቴ ዓይን ጠፍቷል፤ ልያት ቢልም አይችልም። የቀረው ጆሮው ነው። ታዲያ ምን ብዬ እምቢ እለዋለሁ?

በዚያው ቀን ጠዋት ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኩት። ቁልፉን ከተሰቀለበት አውርጄ መኪናዋ ውስጥ ገባሁና አዞርኩ። ማስነሻው ሞተሪኖ ሞተሩን ያሽከረክረዋል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ደጋገምኩት። ወይ ፍንክች!

«ምን ሆነች?» አለ አባቴ።

«ትንሽ ቆይታለች ሳትነሳ። አሁን አስነሳታለሁ።»

መካኒክ ነኝ እኮ። እየዞረ የማይነሳ ሞተር ወይ ቤንዚን የለውም ወይ እሳት የለውም፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ቤንዚኑን አየሁ፤ ካርቡራቶሩ ድረስ ይመጣል። አላመንኩም፤ ማጣሪያውን ፈትቼ በአፌ ነፋሁት። አራቱንም ካንዴላ ፈታሁ፤ ሁሉም በቤንዚን ርሰዋል። እንግዲህ የጠፋው እሳቱ ነው። እሳት ለማየት ደግሞ ቁልፍ የሚያዞርልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ከአባቴ በቀር ማንም አልነበረም።

እጁን ይዤ በብረቶቹ መሀል አሾልኬ የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ወንበሯ መሬት ልትነካ ምንም አልቀራት። «እዚህ ቁጭ ብሎ ነው የሚነዳው?» አለ። መሪውን በሁለት እጁ ዳሰሰ፤ ዙሪያውን ሁሉ፣ ቀስ እያለ። እኔም ኮፈኑ ሥር ራሴን ደበቅኩ።

«አዙር!» ስለው ያዞራል። ካንዴላው ላይ እሳት የለም። እሳቱን ከሚያመነጨው ቦቢና የሚወጣውን ሽቦ ነቅዬ ብረት አስጠጋሁት፤ ጣ! ጣ! ጣ! እዚያ እሳት አለ። ከዚህ በኋላ ሕፃንም ያውቀዋል። በሁለቱ መሀል ያለው ዲስትሪቢዩተሩ ነው። ክዳኑ ሥር ሮተር የምትባል፣ አውራ ጣት የምታህል ፕላስቲክ አለች፤ እሳቱን ለአራቱ ካንዴላ የምታዳርሰው እሷ ናት። እኛ ጋራዥ ውስጥ የምታድር መኪና ሁሉ ሮተሯ ተነቅላ ኪስ ትገባለች። ሌባ ቁልፍ ቢያገኝ እንኳ ንቅንቅ አያደርጋትም። ማንኛውም የጋራዣችን ሰው አልነሳ ላለ መኪና መጀመሪያ የሚከፍተው ያንን ክዳን ነው። እኔ ግን ረፋዱን ሙሉ አልከፈትኩትም።

ምክንያት ነበረኝ። አምና ሳልጠይቀው መኪናዋን አውጥቼ በፑኝዶ መንገድ ጋለብኳት። ለምን አትበሉኝ፤ ቅናት ነው። ቦይ ውስጥ ከተትኳት፣ ፊቷን አደቀቅኳት፣ የዚያ ዓመት ውድድር አመለጠው። ሦስት ወር አላናገረኝም። ሮተሯን ነቅሎ ይዞ መዞር የጀመረው ያኔ ነው፤ ሌባው እኔ ነበርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን የጌታ እራት ሲቀርብ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይወስድም። አንድ እሁድ ወንድሜ ከፊት ተነስቶ፣ ጉባኤው ሁሉ እያየ፣ እኔ ወዳለሁበት መጣና እጄን ያዘኝ። «ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ። እቤት ስንመለስ ቁልፉን እኔ አልጋ አጠገብ ሰቀለው። «ከእንግዲህ ሮተሯንም አልነቅልብህም» አለ። አባቴ ያን ቀን ከደስታ ብዛት ምሳ መብላት አቃተው። እኔም አምኜው ነበር። ክዳኑን መክፈት ሟቹን መጠርጠር መስሎ ተሰማኝ።

የሚፈታ ሌላ ነገር ሲያልቅብኝ ከፈትኩት። ባዶ ነው።

የት እንዳለች ወዲያው አወቅኩ። ወንድሜን ወባ በአራት ቀን ነው የነጠቀን። የውድድር ቱታውን ለብሶ ይቀበር ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልብሼ ዚፑን የዘጋሁትም እኔው። ደረት ኪሱ ውስጥ ትንሽ ጠንካራ ነገር እጄን ነክቶት ነበር። የሥራው ዕቃ ነው፣ ይያዘው ብዬ ተውኩት። በገዛ እጄ!

ልማድ ይሆናል፣ እጁ ሳያስበው ነቅሏት ይሆናል እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ግን ይቅርታው የአፉ ብቻ ቢሆንስ? ቁልፉን አጠገቤ ሰቅሎልኝ መኪናዋን ከእኔ ሲጠብቅ ኖሮ ቢሆንስ? ቢሰድበኝ፣ በጥፊ ቢያጮለኝ እችለው ነበር። አሁን ማንን ልጠይቅ?

«አንድ ዕቃ ጎድሏታል፣ መጣሁ» አልኩት አባቴን። ወደ ኢታንግ ከተማ ገበያተኛ የምታመላልስ እንደሷ ያለች አሮጌ ኮሮላ አውቃለሁ። በሞተር ሳይክል ወዳለችበት በረርኩ። ባለቤቷ የወንድሜን ሞት ሰምቶ ነበር፤ ለምን እንኳ ሳይል ሮተሯን ነቅሎ እጄ ላይ አኖረልኝ። «ጌታ ያጽናናችሁ» አለ። ስመለስ አባቴ ከመኪናዋ አልወረደም። ጎረቤቶች ውሃ ሰጥተውት፣ መሪውን እንደያዘ ነበር።

ሮተሯን ገጠምኩ። «አዙር» አልኩት። በአንዴ ተነሳች። የወንድሜ ሞተር ነው፤ ግቢውን አናወጠው። የአባቴ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ጮክ ብሎ «ምኗ ነበር የጎደለው?» አለኝ።

«ሮተሯ።»

የድሮ ሹፌር ነው፤ ገባው። «ማነው የነቀላት?»

እሱ ነው ብል፣ ያ የታረቅንበት እሁድ በአባቴ እጅ ላይ ሊፈርስ ነው። «እኔ ነኝ» አልኩት። «ከሌባ ልጠብቃት ብዬ ነቅዬ ጣልኳት።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ከታረቃችሁ ወዲህ አንድም ቀን ነቅሏት አያውቅም። ወንድሜን አምነዋለሁ ይለኝ ነበር። አንተ ግን ሙት ላይ ነቀልክበት?»

ከካርቡራቶሩ ላይ ቤንዚን የሚጨምረውን ሽቦ በእጄ ሳብኩት፤ ልቅሶዬን እንዳይሰማ። ሞተሩ ጮኸ።

«ጨምርላት!» አለ አባቴ።

ጨመርኩላት።