የፍንጭቱ ልክ

ሰፈር ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጥርሶ» ነው የሚሉት። ጥርስ ስለሚሠራ ነው እንጂ ጥርሱ ስለሚታይ እንዳይመስላችሁ። ሲስቅ ያየ ካለ እጁን ያውጣ። ሚስቱ ጓዟን ጠቅልላ ከሄደች ወዲህ ሐዘኑም ደስታውም ደጁን ረግጠው አያውቁም። ጠዋት ይነሣል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥሪያው ቤት ገብቶ ነጭ ጋዋኑን ያጠልቃል፣ ከየጥርስ ሐኪሙ የሚላክለትን፣ በታካሚ አፍ ልክ የተቀዳ የጀሶ መንጋጋ ፊቱ ደርድሮ ሲሞርድ ይውላል። ያ ሁሉ አፍ ከፊቱ ተከፍቶ እየዋለ አንዱም አያናግረውም።

የሚያናግረው ስልኩ ነው። እዚያ ስሙ «ሐቀኛው» ይባላል፤ ሐቀኛው ደግሞ አንዲት ዝነኛ ዘፋኝ ላይ ጥርሱን ነክሷል። ዘፋኟ ድሮ ፍንጭት ነበረች፤ ፈገግ ስትል በዚያች ቀዳዳ አገር ሁሉ ይገባል ይወጣል። ጥርሶ የማንንም ጥርስ ከሙያው ውጭ አይቶ አያውቅም፣ የእሷን ግን ይወድ ነበር። ፎቶዋን ከየአቅጣጫው ሰብስቧል። ታዲያ አንድ ቀን ብቅ ስትል ፍንጭቷ ተደፍኗል፤ ጥርሷ እንደ አዲስ አጥር ግጥም ብሏል።

መጀመሪያ «ምነው በተውሽው» ብሎ ጻፈላት። ጥቂት ሰው ወደደለት። ቀጥሎ «ሳንቃ አፍ» አላት፤ ይህንን ብዙ ሰው ወደደለት። ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁመው? ድምፅዋን፣ አለባበሷን፣ እናቷን ሳይቀር አፈር ድሜ አስጋጠ፤ ሬሳም ከእሷ የተሻለ ይስቃል እስከ ማለት ደረሰ። ሲጽፍ ደግሞ አይናደድም። ጀሶ እንደሚሞርድ ነው የሚሞርዳት።

አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ናት፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ ተካይ። ሚስቱ በሄደች ሰሞን ለጥቂት ጊዜ ብላ መጥታ እዚያው ቀረች። እሷ ባትኖር በዚያ ቤት መጋረጃ የሚገልጥ፣ «ምን በላህ?» የሚል አይገኝም ነበር። አንድ ቀን በምሳ እረፍት ባልደረቦቿ የሐቀኛውን ጽሑፍ ጮክ ብለው እያነበቡ ሲንከተከቱ፣ «ሳንቃ አፍ» የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ጥልቅ አለች። ልጅ ሆነው ወንድሟ እሷን ብቻ የሚሰድብባት፣ ራሱ የፈጠራት ስድብ ናት። ከእሱ አፍ በቀር ሰምታት አታውቅም።

እራት ላይ፣ ሳትቆጣ ነገረችው። «የኔን ስድብ ነው የሰጠሃት። እኔ እህትህ ስለሆንኩ ቻልኩት። እሷ ምንህ ናት?»

ጥርሶ እያኘከ፣ ፍንጭቷን ብትመልስ እተዋታለሁ አላት።

«ማልልኝ።»

«አንቺ ሙቺ።»

ቃሉን ካጠፈ ግን ወደ ታናሽ እህታቸው ቤት እንደምትሄድ፣ ሄዳም እንደማትመለስ፣ ሳህኑን እያነሣች ነገረችው። ቀልዷን እንዳልሆነ ያውቃል።

ብዙም ሳይቆይ አለቃው አንድ የጀሶ መንጋጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረለት። «የትልቅ ሰው አፍ ነው፤ አንተም አፍህን ያዝ» አለው። አብሮ የመጣው ፎቶ ከላይኛው ከንፈር እስከ አገጭ ብቻ ያሳያል። ስም የለውም። ጥርሶ ግን ያንን ከንፈር በጨለማም አይስተውም። ሰው መውጫ መግቢያ ስላሳጣት የፊት ጥርሶቿ እንደገና ተሠርተው፣ ፍንጭቱ እንደ ድሮው እንዲሆንላት ትፈልጋለች ብሎ አለቃው አስረዳው። «ሰው» የተባለው ማን እንደሆነ ጥርሶ ያውቃል። ልቡ ዘለል እንድትል ትንሽ ጠበቃት፤ አልዘለለችም።

ሥራውን ግን ሠራው። በሰም ቀረጸ፣ ሸክላውን እየደራረበ ምድጃ ከተተ፣ አወጣ፣ ሞረደ፣ ስልኩ ውስጥ ካጠራቀማቸው ፎቶዎች ጋር አስተያየ፣ ደግሞ ሞረደ። ጀሶ የምታቦካው ባልደረባው በአጠገቡ ስታልፍ፣ «ጥርሶ፣ መተንፈስም ተውክ እንዴ?» ብላ ቀለደችበት። ሲጨርስ ቀዳዳዋ የፀጉር ሽራፊ ታህል እንኳ አልዛነፈችም።

ዘፋኟ ከሳምንታት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበች። ገና ፈገግ ከማለቷ እህቱ ከወጥ ቤት ጠራችውና አጠገቧ አስቀመጠችው። ፊቷ በርቷል።

«በል እንግዲህ፣ ገላገለችህ» አለችው።

ጥርሶ አየ። ፍንጭቷ በልኳ ተቀምጣለች። ያ የድሮው መውደድ እስኪመጣ፣ ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ድዱን በምላሱ እንደሚነካካው፣ ውስጡን ነካካው። ምንም የለም። ስልኩ ግን ይንጫጫል፤ ተከታዮቹ «ሐቀኛው፣ ምን ትላለህ?» እያሉ ነው። እጁ ሄደና «ይሄም የውሸት ነው» ብሎ ጻፈ።

እህቱ በትከሻው ላይ አነበበችው። «በምን አወቅህ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። «አንተው ሠርተህላት? ታዲያ ከእሷ ምን ቀረህ?»

ዐይኑን ወደ ስልኩ መለሰ። የጻፈውን ሰው እየወደደለት ነበር።

ጓዳ ገባች። የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት፣ የሻንጣው ዚፕ ሲጎተት ይሰማዋል። ተነሥቶ «እታለም፣ ተይ» ማለት እንዳለበት ያውቃል፤ ከአንደበቱ የሚፈለገው ያችው ብቻ እንደሆነችም ያውቃል። ሻንጣዋን ይዛ ወጣችና ሶፋውና ጠረጴዛው መሀል ስትደርስ ቆም አለች፤ መንገዱ ጠባብ ነው።

እንድታልፍ እግሩን ሰብሰብ አደረገላት።