ዲናሞ ያልኳት ሴት

ይህን ነገር ለባሌ ለሞላ ሳልነግረው ሞተ። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ በየጾሙ ስናዘዝ ሌላ ሌላውን እየደረደርኩ ይህን ከምላሴ ሥር አስቀርቼዋለሁ። አሁንም የምጽፈው እየዘገየሁ ነው። አንድ መስመር እጽፍና ብዕሩን አስቀምጬ ደጅ ወጥቼ እመለሳለሁ። የምታነቡት ቄስ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ መሃል ላይ አታጽናኑኝ።

እኔ ቀናተኛ ሴት ነበርኩ። «ነበርኩ» ማለቴ ራሴን ማሳመሬ ነው። ሞላ ከሞተ በኋላ እንኳ መቃብሩ ላይ ከእኔ ቀድሞ የቆመ ሰው ሳይ ልቤ ይቆጣል።

ሞላ ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ገዝቶ፣ ከጉና ተራራ ሥር ድንች እየጫነ ደብረ ታቦር የሚያራግፍ ሾፌር ነበር። የመኪናዋ ዲናሞ ይጮህ ነበር። ዲናሞ ማለት ከሞተሩ ጎን እየተሽከረከረ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ማዞሪያ ኩሽኔታ ተበልቶ ስለነበር ሜዳ ላይ ያፏጫል፣ ዳገት ላይ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል። ገና ከከተማው ዳር ሳለ ሰምቼው ምሳ አቀርብ ነበር።

ሳቁብኝ፤ በዚያች መኪናም ቀንቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከእኔ ጋር ከመቀመጥ ይልቅ ከሥሯ ተንጋሎ ይውላል። በዚያን ዘመን የወለድኳቸው አልቆዩልኝም ነበርና እንባዬ ቅርብ ነበር። አንድ ቀን ሞላ ሊያስቀኝ ብሎ «አንቺ አልቃሻ!» አለኝ። እሱ ወዲያው ረሳው። እኔ ያዝኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ሞላና መካኒኩ ካሳሁን ከአጥሩ ውጭ መኪናዋ ዘንድ ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ያቺ አልቃሻህ ዛሬም አላረፈችም?» አለ ካሳሁን።

«ምን ታርፋለች! ጠዋት ማታ እዬዬ ነው። ጆሮዬን በላችው እኮ።»

«እሷማ አርጅታለች፣ ወንድሜ። ለውጣትና ተገላገል።»

«ወስኛለሁ። ክምር ድንጋይ ከተማ፣ የሺወርቅ ዘንድ አግኝቻለሁ፤ ያቺ ባሏ የሞተባት። ቃል ሰጥታኛለች።»

«እቤት ተሰማ?»

«አልተሰማም፤ አፍህን ያዝ። ሳመጣት ይታያል።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ እርጥብ ልብስ ታቅፌ ቀረሁ።

ሾፌርና መካኒክ መኪናን ብቻ ሳይሆን የመኪናን ዕቃ ሁሉ «እሷ» እያሉ እንደሚጠሩ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። የሾፌር ሚስት ነኝ። ታዲያ ለምን አልጠየቅሁትም? «ሞላ፣ አልቃሻዋ ማን ናት?» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱም ቅናት መልስ አይፈልግም። ሰው ነው የሚፈልገው። እኔ ደግሞ ስሟንም መንደሯንም ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ ለማኅበር የሚሆን ጌሾ ልገዛ ነው ብዬ ክምር ድንጋይ ሄድኩ። የሺወርቅን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ገበያው መሃል ብቅልና ጌሾ ዘርግታ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጥቁሩ ያምርባታል። አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ጭኗ ላይ ራሷን ጥላ ተኝታለች። ያችን ልጅ ባላይ ኖሮ ምናልባት ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። አየኋት።

«አንቺ ነሽ የሰው ባል በቃል አስረሽ የምታስቀምጪ?» አልኳት።

ቀና አለች። «ማንን ነው፣ እኅቴ? ሰው ተሳስተሽ እንዳይሆን።»

«ሞላን! ሾፌሩን ሞላን!»

ፊቷ በራ። «ውይ፣ የሞላ ባለቤት ነሽ? ዲናሞውን ነዋ! የባለቤቴ መኪና ገደል ገብታ ስትቀር ዲናሞዋ ደኅና ተረፈ። እሱን ልሸጥለት ነው የተነጋገርነው። እቤት አለ፤ ነይ ላሳይሽ።»

ነይ ላሳይሽ አለችኝ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ይህን ልብ በሉልኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተሳሳትኩ ሴት ነበርኩ፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ግን አልተሳሳትኩም። አልቃሻዋ የመኪናዋ ዲናሞ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ፣ ባሌ ምንም እንዳልበደለኝ፣ ይህች ሴት የሞተ ባሏን መኪና ዕቃ ሸጣ ልጇን ልታበላ እንደሆነ አወቅሁ። አውቄ ምን አደረግሁ? ሰው ከቦናል። የመጣሁት በእግሬ ብቻ አልነበረም፣ በጩኸቴም ነበር፤ ከዚያ ጩኸት ባዶዬን መመለስ አቃተኝ። እሷ ደግሞ በማዘን ታየኛለች። ልጅ ታቅፋ ታዝንልኛለች!

«ዲናሞ?» አልኩ፣ ወደ ሰዉ ዞሬ። «ስሙልኝ! ዛሬ ደግሞ ዲናሞ ይሉታል?»

ገበያው ሳቀ። አንዱ ጎረምሳ «ባትሪው የደከመ ሾፌር ሁሉ እዚህ ነው የሚሞላ!» አለ። ሌላው «ስንት ቮልት ናት?» ብሎ ተቀበለው። ልጅቷ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። የሺወርቅ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችና ብቅሏን በእጇ መልሳ መላልሳ ሰበሰበች። እኔ ጌሾ ሳልገዛ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ዲናሞ ሆነ። «ከዲናሞ ብቅል ግዢ»፣ «የዲናሞ ልጅ መጣች»። የዚያን ስም መነሻ ብዙ ሰው ረስቶታል አሉ። እኔ አልረሳሁትም፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ሞላ ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

«ያቺ ሴት ምን ሆና ነው?» አለኝ። «ቃል ሰጥታኝ አልነበር! ዛሬ በሯን እንኳ አልከፈተችልኝም። ከውስጥ ሆና ‹አልሸጥም፣ ደጄም አትቁም› አለችኝ። ምን አድርጌያት ይሆን?»

«ምን አውቄ፤ ሌላ ከፋይ አግኝታ ይሆናላ» አልኩት።

እንዲህ አልኩት። ባሌን ዓይን ዓይኑን እያየሁ እንዲህ አልኩት።

ካሳሁን ያገለገለ ኩሽኔታ ፈልጎ አስገባለት። ጩኸቱ ጥቂት ቀን ታግሦ እንደገና ጀመረ። እኔ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እል ነበር። መኪናዋ ደጅ ስትደርስ ሞተሩ ይጠፋል፤ ጩኸቱ ሲቆም የእኔም ሐሳብ አብሮ ይቆማል። ይህ ስንት ጊዜ ሆነ? አልቆጠርኩም።

በጥቅምት ውርጭ፣ ሞላ ድንች ጭኖ ከጉና ሲወርድ ዲናሞው ነክሶ መዞሩን አቆመ። የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ፣ ሞተሩ ጋለ፣ መብራቱ ጠፋ። ጭነቱን ጥሎ አልሄድም ብሎ እዚያው አደረ። በማግስቱ በሌላ መኪና ሲያመጡት ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር፤ ደረቱን ይዞ ይስል ነበር። ያ ሳል ብርድ በመጣ ቁጥር እየተመለሰ ዓመታት አብሮን ኖረ። መኪናዋን ሸጠ። ያ ሌሊት ነው የገደለው ብዬ አልምልም፤ ሐኪሞቹም እንዲያ አላሉም። አይደለም ብዬም አልምልም።

የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ እንኳ አንዳንድ ቀን ጣራ ጣራውን እያየ «ያቺ የክምር ድንጋይ ሴት ግን ምን አድርጌያት ነው?» ይል ነበር። እኔ ብርድ ልብሱን አስተካክልለታለሁ። እሷን አንስቶ ሲያወራ አሁንም እቀና ነበር፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖም!

ሞላ ያለፈው የካቲት ሞተ። ለቅሶው ላይ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። በእጆቿ ነው ያወቅኋት፤ ብቅሉን የሰበሰቡት እጆች ናቸው።

«እግዜር ያጽናሽ» አለች። ቀጥላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፦ «ይቅር በይኝ፣ እኅቴ። ያኔ በእልህ ነው የከለከልኩት። የሰው አፍ ፈርቼ ነው። ዲናሞዋን ብሰጠው ኖሮ ጉና ላይ ባላደረ። መታመሙን የሰማሁ ዕለት ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ቀኖና ተቀብያለሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እሰግዳለሁ፤ ጉልበቴ እምቢ ቢለኝም አልተውኩም። አንቺ ይቅር ካላልሽኝ ግን አይቀልልኝም።»

ገበያውን አላነሳችም። ስሟን ማን እንዳወጣላት አላነሳችም። የእኔን ኃጢአት ወስዳ የራሷ አድርጋ ተናዘዘችው።

እኔስ? ለቅሶተኛው ያየናል። ያኔም ሰው ያየን ነበር። እጇን ያዝኩና «ይቅር ብዬሻለሁ፤ እግዜርም ይፍታሽ» አልኳት።

እጄን ስማ አመስግናኝ ሄደች።

በገበያው ያልኩት ቃል፣ ለሞላ የነገርኩት ውሸት፣ የዓመታት ዝምታዬ፣ ሁሉም አንድ ላይ ቢመዘን ከዚያች ይቅርታ አይከብድም። ሐዘን ላይ ነበርኩ አልልም። ደንግጬ ነው አልልም። በገበያውም በለቅሶውም አውቄ ነው ያደረግሁት።

የሺወርቅ ዛሬም ጠዋት ሰግዳለች። በዚያ ጉልበቷ፣ ለእኔ ኃጢአት።

የፊታችን ቅዳሜ ክምር ድንጋይ እሄዳለሁ። ቤቷ አልሄድም፤ ገበያው መሃል፣ ያኔ የቆምኩበት ቦታ እቆምና በዚያው በጮኽኩበት ድምፅ ያደረግሁትን እናገራለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም፤ ያን ለመጠየቅ ገና ነኝ። መጀመሪያ፣ በዳይዋ እኔ ሆኜ ሳለ በለቅሶው የሰጠኋትን ይቅርታ እንድትመልስልኝ እለምናታለሁ።