ሠፈር የለቀቁ ሰዎች ገቢ

በዚያ ዓመት አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አቃተኝ። የምሠራው አዳማ፣ የየወረዳውን ሕዝብ ኑሮ በሚያጠና ቢሮ ውስጥ ነው። ሥራችን ሲጠቃለል ይህ ነው፦ የአንድን ወረዳ ቤተሰቦች ከድሃው እስከ ሀብታሙ በሰልፍ ብታቆማቸው፣ ልክ መሃል ላይ የሚቆመው ቤት በወር ስንት ያገኛል? ሁሉንም ቤት ማንኳኳት ስለማይቻል የተወሰኑትን እንመርጣለን፤ በየዓመቱ ወደ እነዚያው ቤቶች እየተመለስን እንጠይቅና ለወረዳው በሙሉ እንገምታለን።

ከምጠይቃቸው መካከል ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ሴትና ባጃጅ የሚነዳ ባሏ ነበሩ። አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተው ከትንሽ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። መጀመሪያ ስሄድ በር ላይ አቆመችኝና፣ «ገቢያችንን አውቀህ ምን ልታደርግልን ነው?» አለችኝ።

«እኔ? ምንም» አልኳት። ሳቀችና አስገባችኝ።

በሦስተኛው ዓመት ስመለስ የግቢው የጭቃ ክፍሎች በሙሉ ፈርሰዋል፤ እነሱም ለቀዋል። አከራዩ በብሎኬት አሠርቶ ለአንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ቤተሰብ አከራይቶታል። መመሪያችን ነባሩ ቤተሰብ ከለቀቀ የገባውን ጠይቅ ስለሚል ጠየቅሁ። ነጋዴው ለስላሳ አስመጥቶልኝ በትሕትና መለሰልኝ።

ውጤቱ ሲወጣ የወረዳው የመሃል ገቢ በደንብ ጨምሯል። ጡረታቸው የተቃረበው ኃላፊያችን፣ «ሠፈሩ እያደገ ነው» አሉ።

«እያደገ ነው ወይስ ሰዉ እየተቀየረ?» አልኳቸው።

«መረጃው ተሳስቷል እያልከኝ ነው?»

«የለም። ግን የማንም ገቢ ሳይጨምር ይሄ ሊሆን ይችላል። ከታች ያሉት ከወጡ መሃሉ ወደ ላይ ይሸሻል።»

«የወጣ ሰው ደግሞ የዚህ ወረዳ ነዋሪ አይደለም» አሉኝ። አልተሳሳቱም። ያንገበገበኝም እሱ ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቼ እዘጋለሁ፤ ወጥቼ አቧራ ለብሼ እመለሳለሁ። ቤትም አልተሻለኝም። ምሳ ላይ እግሬ ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጠው ባለቤቴ፣ «አንተ ሰው፣ ወይ ብላ ወይ ሄደህ ፈልጋቸው!» አለችኝ።

እሁድ ጠዋት ወጣሁ። የልብስ ስፌቷ ሠራተኛ የቀድሞ ጎረቤት ስልክ ደውላ አስፈቅዳልኝ፣ ሴትዮዋ ዱከም መሆኗን ነግራኝ ነበር። ሚኒባሱ ሞጆ ላይ ሰው ሲጠብቅ ወርጄ በእግሬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም።

ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ ከሁለት የሥራ ጓደኞቿ ጋር በምትኖርባት የቆርቆሮ ክፍል አገኘኋት። ከስታለች። «አካም ጅርታ!» ብላ በኦሮምኛ ደህንነቴን እየጠየቀች እጄን ጨበጠችኝ።

«ያቺ ክፍል ስትፈርስ ሌላ ፈለግን፤ የሁሉም ኪራይ ከአቅማችን በላይ ሆነብን» አለችኝ። «ባጃጁንም ባለቤቱ ሸጠው። ባሌ መተሐራ ሸንኮራ ሊቆርጥ ሄደ፤ ልጁን እናቴ አሰላ ወሰደችው። እኔ ይኸው እዚህ ጫማ ፋብሪካ ገባሁ።»

እንደ ልማዴ ጥያቄ ጀመርኩ። «ታዲያ አሁን አንቺን ከማን ቤተሰብ ልቁጠርሽ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ከማን ማለት ምን ማለት ነው? እኛ አንድ ቤት ነን። በአንድ ጣሪያ ሥር ስላላደርን ተፋታን እንዴ?»

«ይቅርታ» አልኳት። እሷ ግን ወዲያው ባሏ ጋ ደውላ ስለ ገቢያቸው ልጠይቅ እንደመጣሁ ነገረችው። ድምፁ ከስልኩ ወጣ፦ «ገቢ ካለን ለኛም ይንገረን በይው!» ሁለቱም ሳቁ። ኔትወርኩ ሲቋረጥ እሷ ስልኩን እያየች ቀረች።

ሰኞ ያየሁትን ለኃላፊዬ ነገርኳቸውና የለቀቁትን እንድንፈልግ ጠየቅኋቸው። «በጀት የለም» አሉኝ። በሌላ ቀን ግን ራሳቸው ጠሩኝ። «የለቀቁትን ተከታተል። መኪና ግን አልሰጥህም።»

ያን ክረምት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በሚኒባስ ከወንጂ እስከ ሻሸመኔ ተንከራተትን። አንዳንዱን አገኘን፤ አንዳንዱ ስልኩም አይሠራም። ሁሉም አልተጎዳም፤ ሻሸመኔ ሱቅ ከፍተው ከቀድሞው በእጅጉ የተሻላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። የሄዱትንና የቀሩትን አንድ ላይ ስናሰላ ግን ዕድገቱ በጣም አነሰ። ሪፖርቱ ሁለቱንም ግምት ጎን ለጎን ይዞ ወጣ።

ስብሰባ ላይ አንድ ሰው፣ «እውነተኛው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የሚጠይቁት ስለ ቦታው ከሆነ የመጀመሪያው፤ ስለ ሰዎቹ ከሆነ የለቀቁትን የጨመረው» አሉ ኃላፊዬ። ሰውየው አልረካም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልረካሁም።

በቅርቡ ለሴትዮዋ ደወልኩላት። ባሏ ዱከም መጥቶ ዕቃ መጫን ጀምሯል፤ ለብቻቸው ክፍል ተከራይተዋል።

«ልጁስ?» አልኳት።

«ገና አሰላ ነው። ኪራይ ካልጨመረብን ትምህርት ሲከፈት እናመጣዋለን።»

«ካልጨመረ» አልኩ እኔም። ስልኩን ዘግቼ ሦስቱንም እንደ አንድ ቤት መዘገብኳቸው።