ሐዘን አይደለም፣ መርፌው ነው

ከአገር የወጣሁበት ምሽት ኪሎዬን ሰው ሁሉ አወቀው።

የተሰበሰብነው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እትዬ ዘውዴ ቤት ነበር። እትዬ ዘውዴ የባለቤቴ የታደሰ ታላቅ እህት ናቸው። ታደሰ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር፤ እኔም አንዲት ልጃችን ሰናይት ወደምትሠራበት ወደ ጣሊያን፣ ቶሪኖ ወደሚባል ከተማ ልሄድ ነው። ሻንጣዬ በርበሬና ሽሮ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ከተፈቀደው እንዳያልፍ መመዘን ነበረበት። ከጎረቤት የሰው ሚዛን መጣ። ሻንጣው ሲቀመጥበት ግን ቁጥሩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ሻንጣውን አቅፎ ይቆማል፣ ቀጥሎ ባዶ እጁን ይቆማል፣ ልዩነቱ የሻንጣው ነው ተባለ።

"ባለሻንጣዋ ትቁም" አሉ። ቆምኩ። ሻንጣውን ተቀበሉኝና ብቻዬን ቆምኩ።

"እሷ ብቻዋን ዘጠና አንድ!" ብሎ ጎረቤታችን ጮኸ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምሥጢር አይዝም።

"ተመስገን፣ ሻንጣው ቀላል ነው" አሉ እትዬ ዘውዴ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት "ሐዘኑ ተስማምቷታል" ስትል ሰማሁ። አልዞርኩም። እውነቷን ነው፣ ወፍሬ ነበር። ታደሰ እያለ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነበር፤ ከሞተ በኋላ የማቀርበውን መጠን መቀነስ አላወቅኩበትም። ድርሻው ይተርፋል፤ መድፋት ነውር ነው፤ እበላዋለሁ። ሐዘን ያከሳል የሚሉት ለሐዘን ተቀምጠው በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው የሚሄዱት ሰዎች ናቸው።

ታደሰን የገደለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነውና። ስኳር ነበረበት፤ እኔም አለብኝ፤ እትዬ ዘውዴም አለባቸው። ሦስታችንም ኪኒናችንን ስናስታውስ እንውጣለን፤ ደህና ስንሆን እንተዋለን። ከዚያ ታደሰን ደረቱን ያቃጥለው ጀመር። "ጨጓራዬ ነው" አለ። እኛም ጨጓራ ነው አልን። ተልባ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አጥልዬ አጠጣዋለሁ፤ ሻል ይለዋል፤ ደግሞ ይመለስበታል። አንድ ጠዋት ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ቁጭ አለ። በዚያው ቀረ። ሐኪም ቤት ልቡ ነው አሉን። ለቀስተኛው ግን "ጨጓራ እንዲህ ይገድላል እንዴ!" እያለ ነው የሄደው።

እንግዲህ ቶሪኖ ደረስኩ። ኩዌስቱራ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጥበት የፖሊስ መሥሪያ ቤት ነው። ሰናይትና እኔ መስኮቱ ፊት ቆምን። ሰውዬው ፓስፖርቶቻችንን ግራና ቀኝ አድርጎ አየ።

"ይቺ ኮኞሜዋ ታደሰ፤ ይቺ ደግሞ ገብሬ። እናትና ልጅ ከሆናችሁ የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ?"

ሰናይት ታደሰ የእሷ አባት፣ ገብሬ ደግሞ የእኔ አባት መሆኑን አስረዳችው።

"ስለዚህ ቤተሰብ የሚባል የላችሁም?"

"አለን፤ ስም ነው የሌለን" አለችው።

ሰውዬው ከኋላው ካለው ባልደረባው ጋር ተማከረ። "ባልዋስ የታለ?" ብሎ ተመለሰ። ሞቷል አለችው። ይህኛው ከሁሉ ቀለል አለለት፤ ማኅተሙን መታው።

እዚህ ሰው በአሳንሰር ውስጥ አብሮህ ቆሞ ጫማውን ያያል። ጭጋጉ ከኅዳር ጀምሮ ይወርድና ለሳምንታት ፀሐይ የት እንዳለች አይታወቅም፤ የኛ ክረምት ቢያንስ ዘንቦ ሲጨርስ ይፈካል። ፓስታ ድሮም ከጣሊያን የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ልደታ እያለሁ እንደሚገባ አብስዬ፣ በበርበሬ አቁላልቼ ነበር የማቀርበው። እነሱ ገና ሳይበስል ያወጡታል። "አልበሰለም" ስል ሰናይት "እማዬ፣ እዚህ እንዲህ ነው" ትለኛለች። እዚህ ሁሉ ነገር እንዲህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት የስኳር ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ዶቶሬሳ ይሏታል፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ደረቴን ያቃጥለኝ እንደሆነ፣ ስራመድ ትንፋሽ ያጥረኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስኳር ያለበት ሰው ልቡ ሲታመም ሁልጊዜ ልብ ሆኖ አይሰማውም አለች፤ አንዳንዴ እንደ ጨጓራ ያቃጥላል፣ አንዳንዴ ድካም ብቻ ነው። ይህን ሰናይት ስትተረጉምልኝ ሁለታችንም ወለሉን አየን።

ከዚያ እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ አወጣችና እንደ ስብከት ረዥም ነገር ተናገረች። ሰናይት ወደ እኔ ዞረች።

"ጥሩ ነው አለች።"

"ይሄን ሁሉ ተናግራ?"

"እማዬ፣ ሥራ ይረፍድብኛል።"

"አልወጋም እንግዲያው።"

ተነፈሰችና ተረጎመችው። በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ነው። ለስኳር ተብሎ የተሠራ ነው፤ የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ሰው ይከሳል። መጀመሪያ ያቅለሸልሻል። እየቆዩ ደግሞ ሌላ ነገር አዩበት፤ ልባቸው የሚያሰጋቸውን የስኳር ሕመምተኞች ለዓመታት ሲከታተሉ፣ መርፌውን የሚወስዱት ላይ በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ መሞት ቀንሶ ተገኘ፤ ለኩላሊትም ደግ ነው። ለሁሉም ሰው አይሰጥም፤ ላንቺ ግን ይሆናል አለች።

"ለታደሰ ይሆነው ነበር ወይ በያት" አልኳት።

ዶቶሬሳዋ እናትሽ ምን አለች ብላ እንደጠየቀቻት ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

"ግራትሲዬ ትላለች" አለቻት ሰናይት፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው።

መርፌው ፍሪጅ ገባ። በዚያው ሰሞን የቤቱ ባለቤት ሲኞር ካርሎ መጣ። ሲኞር ካርሎ ምድር ቤት ነው የሚኖረው፤ ሆዱ ቀድሞት በር ይገባል። በኮንትራቱ ላይ ያለው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ሁለት ሰው እንደሚያይ፣ ደግሞም ሽሮው እስከ እሱ ቤት ድረስ እንደሚሸት ሊነግረን ነው የመጣው። ኦዶሬ ይለዋል። አፍንጫውን ይዞ አሳየን፣ እንዳይጠፋን።

"እናቴ ብዙ ቦታ አትይዝም" አለችው ሰናይት።

እሱ ወደ እኔ አየና ቅር አለው። ቀጥሎ ፍሪጁን ከፈተ፤ በእኛ አገር የሰው ፍሪጅ የሚከፍት ሰው ወይ ዘመድ ነው ወይ ሌባ። በሩ ላይ መርፌውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሸሚዙን ገልጦ ሆዱ ላይ የተወጋበትን ነጥብ በጣቱ አሳየኝ። ያው መርፌ ነው።

ተቀመጠ። ሚስቱ የምትሠራውን ላዛኛ ገና ሲያየው እንደሚጠግብ፣ ሕይወቱ እንደተበላሸ ለሰናይት አማረረ። "እንግዲያ ለምን ትወጋለህ?" አለችው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አባቴ በኔ ዕድሜ ነው በልብ የሞተው" አለ። ሲወጣ ስለ ሁለተኛው ሰው ምንም አላነሳም። ስለ ሽሮው ግን አነሳ።

እኔም ከሳሁ። ቀሚሶቼን ሁለት ጊዜ አጠበብኳቸው። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው እህቶች "የት ነው የሚሸጠው?" ብለው ጨርሰውኛል፤ አንዷ ለሠርጓ ነው፣ አንዷ ለወገቧ ነው። ስለ ልብ የጠየቀኝ የለም። ያለ ሐኪም አትንኩት እላቸዋለሁ፤ ደብቃብን ነው ይላሉ። በሁዳዴ አንዱን ቄስ "አባ፣ ካልራበኝ ጾሜ ይቆጠራል ወይ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "መጀመሪያ ሐኪምሽ ጹሚ ብላሻለች ወይ?" አሉኝ። አላለችም። "እንግዲያው ምላስሽን ጹሚበት" አሉኝ።

ፎቶዬን ሰናይት ለእትዬ ዘውዴ ላከችላቸው። በማግሥቱ ደወሉ። ድምፃቸው እንባ ያዘለ ነበር፤ ግን ደስም ብሏቸዋል።

"አልሚዬ፣ የወንድሜን ሐዘን በሰውነትሽ ተሸክመሽው የለ! ያቺ ሐዘኑ ተስማምቷታል ያለችሽ ሴት ትየው፤ ፎቶውን አፍንጫዋ ሥር ነው ያደረግኩላት።"

ከዓመታት በኋላ ታማኝ ሚስት ተባልኩ። ጥሩ ነገር ነበር የሚሉት፣ ለማቋረጥ አልቸኮልኩም። ከዚያ ሲሰናበቱኝ "እኔ ደግሞ ሰሞኑን ያ ጨጓራዬ ተነስቶብኝ ተልባ ላይ ነኝ" አሉ። "የታች ሱቅ ደርሼ ስመለስ እንኳ ያቃጥለኛል።"

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ስልክ ሳነሳ የማስበው ይህ ነው፤ መርፌው ነው ካልኳቸው ያ ሁሉ ምስጋና ይነሳል፤ ካላልኳቸው ደግሞ ስለ ልብ የምለውን ነገር አይሰሙኝም፤ ከሐዘን የከሳች ሴት ስለ ሕክምና ምን ታውቃለች? እሑድ ደወልኩ።

"ከቅዳሴ እየገባሁ ነው፣ ደጅ ነኝ" አሉ።

"እትዬ፣ የከሳሁት ከሐዘን አይደለም። መርፌ ነው።"

"የምን መርፌ?"

"የስኳር። ሆድ ይዘጋል፣ ልብ ይጠብቃል።"

"እና አላዘንሽም?"

"ያዘንኩትማ ወፍሬ ነው እትዬ። እርስዎ ቤት ሆኜ።"

"ለሴቶቹ አሁን ምን ልበል?"

"ምንም አይበሉ። ሐኪም ቤት ይሂዱልኝ፤ ልብዎን ይዩልዎ። መመርመሪያው ደረት ላይ የሚለጠፍ ነው፣ አያምም።"

"ጨጓራ ነው አልኩሽ እኮ።"

"ታደሰም ያለው ይህንኑ ነው።"

"ወንድሜን እንዲህ ባለ ነገር አትጥሪብኝ!" አሉ፤ ቀጥሎ ለዘብ ብለው፣ "እሱን መርፌሽን ብትልኪልኝስ?"

በበረዶ እንደሚጓዝ፣ ያለ ሐኪም እንደማይወሰድ፣ አገር ቤት ገና እንዳልገባ ነገርኳቸው። ኪኒናቸው ግን እዚያው እንዳለ፣ እሱንም ሳያቋርጡ መዋጥ ትልቅ ነገር እንደሆነ ነገርኳቸው።

"ገባኝ" አሉ። "ለናንተ ልብ መርፌ፣ ለኛ ልብ ተልባ።"

"እባክዎ እትዬ፣ ብቻ ይሂዱ" አልኳቸው።

"እሺ፣ እሄዳለሁ።"

"መቼ?"

"ፍልሰታ ትውጣ።"

"እትዬ!"

"እሺ፣ ሰኞ። አሁን ተይኝ፣ ደረጃ ልወጣ ነው።"

"አይዝጉት። እያወሩኝ ይውጡ።"

"ምን ላውራሽ?"

"ማን አገባ፣ ማን ወለደ።"

ጀመሩ። ውኃ ከሄደ ሰንብቷል፤ የሁለተኛ ፎቋ ልጅ ለሠርጓ ድንኳን ግቢው ውስጥ ይተከልልኝ ብላ ኮሚቴውን አስለቅሳለች፤ ኮሚቴው ደግሞ መኪና የት ሊቆም ነው ይላል፤ የልጅቷ አባትም ተነስቶ... እዚህ ላይ አቆሙ። ጠበቅኩ። አባትየው ተነስቶ ምን እንዳለ አልመጣም።

"እትዬ?"

ምንም የለም። "እትዬ ዘውዴ?"

"አለሁ፣ አለሁ" አሉ፤ ቃሉ በሁለት ትንፋሽ ነው የወጣው። "ኔትወርኩ ነው የቆረጠው።"

ኔትወርኩ አልቆረጠም። ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ሲጠልዙ፣ አንዲት ሴት ምንጣፍ ስትደበድብ፣ አንድ ሰው ደረጃውን እየወጣ "እንደምን ዋሉ እማማ፣ ልደግፍዎ?" ሲላቸው ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

"አዎ" አልኳቸው፣ "እዚህም ይቆራርጣል። ቀስ ብለው ይቀጥሉ እትዬ፤ እኔ አልቸኩልም።"