ሰው እናውስዎ

የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃዎች «እትዬ ሦስተኛ ረድፍ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የባህል ዝግጅት ላይ ሁልጊዜ ከፊት በሦስተኛው ረድፍ፣ ግድግዳውን ጠጋ ብላ ስለምትቀመጥ ነው። ግጥም ሲነበብ አለች፣ የሥዕል ትርኢት ሲከፈት አለች፣ ስለ ንብ እርባታ ትምህርት ሲሰጥም አለች። አንድ ጊዜማ ነፍሰ ጡር እናቶችን ለመምከር በተጠራ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ ስለተገኘች፣ ጥበቃው በር ላይ ጠብቆ «እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» ብሎ ቀልዶባታል። ሆዷን ይዛ ሳቀች። በዚያ ሳምንት ከሰው ጋር የሳቀችው ያኔ ብቻ ነበር።

ሰዎች የባህልና የጥበብ ወዳጅ ትመስላቸዋለች። እውነቱን ለመናገር ግጥሙም ሥዕሉም ያን ያህል አይገባትም። የምትሄደው ድምፅ ፍለጋ ነው። አብራት ትኖር የነበረችው ታናሽ እህቷ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ክፍሎች ጭጭ ብለዋል። የማቀዝቀዣው ሞተር ድንገት ሲነሳ «መጣህ ደግሞ?» ትለዋለች፤ መልሶ ሲጠፋ ቅር ይላታል። ሬዲዮ ከፍታ ለማደር ሞክራ ነበር፤ አልሆነላትም። ሬዲዮ ውስጥ ያለ ሰው ማን እንደሚሰማው ሳያይ ነው የሚናገረው። አዳራሹ ውስጥ ግን ተናጋሪው አንደበቱን ከመክፈቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ ውሃ ይጎነጫል፤ ከኋላ ደግሞ አንዱ ያስላል፣ ሌላው ወንበሩን ይጎትታል። እሷ የምትወደው ይሄንን ነው።

ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ስትል ነው ጠጉሯ የሸበተው። የምሥራቹም መርዶውም በእሷ መስመር አልፏል። ሁሉም ድምፅዋን ያውቃል፤ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ግን ማን መሆኗን የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ሐሙስ የቤተ መጻሕፍቱ የፕሮግራም ኃላፊ ጠራቻት። ኃላፊዋ እርሳሷን ጠጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትረሳ፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል ወጣት ሴት ናት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። "ሰው እናውስዎ" የሚል ዝግጅት እያሰብን ነው።»

«ሰው ደግሞ ማን ያውሳል ልጄ?»

«እኛ ነና! በመጽሐፍ ፈንታ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል...»

«ጠረጴዛ ላይ?»

«ጠረጴዛ ጋ ማለቴ ነው፣ ወንበር አለን!» ሁለቱም ሳቁ። «ከዚያ የፈለገ ሰው መጥቶ ፊት ለፊት ይቀመጥና ስለ ሕይወቱ ይጠይቀዋል። እርስዎም አንዷ ይሁኑልኝ።»

«እኔ ደግሞ ምን ሕይወት አለኝ?»

«እሱን ለአንባቢው ይተዉለት።»

እምቢ ብላ ሄደች። አውቶቡስ ውስጥ ግን ነገሩ ሲከነክናት ቆየ፤ በማግሥቱ ተመልሳ «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲያ ቤቷ ውስጥ ዝግጅት ሆነ። ጥርሷን ስትፋቅ ለመስታወቱ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ለግድግዳው ትናገራለች። ስለ ስልክ ማገናኛ ሰሌዳው፣ ጥሪ ሲመጣ ስለሚበሩት መብራቶች፣ ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች ሲባል በደስታ ስልኩን ሳይዘጋ ስለሮጠው ሰውዬ። ራሷን ሰምታ «አያስከፋም» አለች።

ቀኑ ደረሰ። የንባብ ክፍሉ መደርደሪያዎች ገለል ተደርገው ትናንሽ ጠረጴዛዎች ተዘርግተዋል። በየጠረጴዛው ላይ ካርቶን ቆሟል፤ «አዋላጅ» ይላል አንዱ፣ «ቦክሰኛ የነበረ» ይላል ሌላው፣ «እባብ አርቢ» ይላል ሦስተኛው። የእሷ «የስልክ ኦፕሬተር» ይላል። ግራጫ ሹራቧን ለብሳ፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ ፈገግታዋን አዘጋጅታ ተቀመጠች።

ሰዉ ገባ። እባብ አርቢው ጋ ወረፋ ተያዘ። ቦክሰኛው ጋ አፍንጫው ስንት ጊዜ እንደተሰበረ የሚጠይቁ ወጣቶች ከበቡት። አዋላጇ እንኳ ሦስት አራት ሰው ፊቷ ተኮልኩሎላታል። እሷ ጋ የሚመጡት ካርቶኑን ያነባሉ፣ በአክብሮት ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ያልፋሉ። አንዲት ሴትዮ ግን ቀጥ ብላ መጣችና ፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር ጀርባ ያዘች። እትዬ ቀና አለች።

«ይቅርታ፣ ይሄ ወንበር ሰው አለው?»

«የለውም፣ ተቀመጪ የኔ እመቤት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወንበሩን አንስታ ወደ እባብ አርቢው ወሰደችው።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ተነስታ እንዳትሄድ ኃላፊዋን ማሳፈር ይሆንባታል፤ እንዳትቀመጥ ደግሞ ባዶ ጠረጴዛ ታቅፎ መቀመጥ ያሳቅቃል። ወደ መስኮቱ ዞራ ሰው የምትጠብቅ መሰለች።

እንዲህ ሳለች ነው አንድ ረጅም ሽማግሌ የራሱን ወንበር እየጎተተ የመጣው። ቁጭ አለና በረጅሙ ተነፈሰ።

«እህቴ፣ ከወዲሁ ልንገርሽ፣ እግሬን ላሳርፍ ነው የመጣሁት» አላት ጮክ ብሎ። «ዕድሜዬን በሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ መፍጫ ማሽን ሳንቀሳቅስ ነው የኖርኩት። ጆሮዬን ማሽኑ በልቶታል። መስሚያ መሣሪያዬን ደግሞ ቤት ረስቼ መጣሁ። ብቻ አንቺ አውሪ፣ እኔ አያለሁ።»

ምን ታድርግ? የተለማመደችውን ጀመረች። ስለ ሰሌዳው፣ ስለ መብራቶቹ። ሽማግሌው ሳቅ በሌለበት ይስቃል፣ ሳቅ ያለበት ላይ ኮስተር ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ያ ስልኩን ሳይዘጋ የሮጠው አባት ጋ ስትደርስማ «አይዞሽ» አላት። ያኔ አንዲት ነገር ብልጭ አለችላት፤ ይሄ ሰውዬ አንድም ቃል አይሰማም። የፈለገችውን ብትል እዚያው ይቀራል።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእህቷ እንኳ ያልተነፈሰችውን ማውራት ጀመረች።

ሆስፒታሉ ኦክስጅን የሚያስመጣው ከከተማው ዳር ካለ መጋዘን ነበር። ጠዋት ጠዋት የመጋዘኑ ሠራተኛ ይደውላል፤ ዛሬ ስንት ሲሊንደር እንደሚፈለግ ይጠይቃል፤ እሷ ለዕቃ ክፍል ታገናኘዋለች። ሥራው ይኸው ነው። ግን ከማገናኘቷ በፊት «እንዴት አደርሽ?» ይላል፣ ትመልሳለች። አንድ ቀን «ድምፅሽን ጉንፋን ይዞታል» አላት። ሌላ ቀን «ዛሬ ከፍቶሻል መሰለኝ» አላት፤ በእርግጥም ከፍቷት ነበር። እንዲህ እየተባባሉ ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። አልተያዩም። ስም አልተጠያየቁም፤ መጀመሪያ ላይ አስፈላጊ አልነበረም፣ ኋላ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ «ማን ልበል?» ማለት ነውር መሰላቸው። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። «ከመጋዘኑ ነው፣ ዕቃ ክፍል አገናኚኝ» አላት። አገናኘችው። በማግሥቱም ያው አዲስ ድምፅ ነው። ከዚያም ወዲያ ያው ነው። «የቀድሞው ሰውዬ የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ጠዋት ጠዋት ምላሷ ላይ ይመጣል፤ አፏ ይተሳሰራል። ቢሞት የሚያለቅሱለት ቤተሰቦች አሉት፤ ቢዛወር የሚሸኙት ባልደረቦች አሉት። እሷ በየት በኩል ገብታ ትጠይቃለች? ሳትጠይቅ ጡረታ ወጣች።

ይህን ስትናገር እንባዋ መውረዱን ያወቀችው ሽማግሌው ንጹሕ መሀረብ አጣጥፎ በጠረጴዛው ላይ ገፋ ሲያደርግላት ነው።

ዝግጅቱ ሲያበቃ ኃላፊዋ እየሮጠች መጣች። «እትዬ፣ እንዴት ነበር?»

«ተዋሱኝ» አለች እትዬ፣ ሹራቧን እያስተካከለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ የክራር ዝግጅት ነበር። ገና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከመቀመጧ ሽማግሌው መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። ግራ ጆሮው ላይ ባቄላ የምታህል መሣሪያ ለጥፏል።

«አሁን ሁሉም ይሰማኛል» አላት። «ያን ቀን ያወራሽውን እንደገና ንገሪኝ።»

ደነገጠች። «ስለ ስልክ ነው ጋሼ፣ ምንም የሚረባ የለውም።»

«ስለ ስልክ ሰው ያለቅሳል እንዴ?»

ሠራተኞች መድረኩ ላይ ገመድ ይዘረጋሉ፣ ድምፅ ማጉያ ይሞክራሉ። ልትሸሽ ብትል መሀረቡ ታጥቦና ተተኩሶ ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ መመለስ አለባት። መሀረቡን ሰጠችውና በአጭሩ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ነገሩን ነገረችው። አልቅሶ እንዲያስተዛዝናት አልጠበቀችም። ያለውን ግን ጨርሶ አልጠበቀችም።

«ታዲያ አልደወልሽም?»

«ምን ብዬ?»

«"ያ ሰውዬ የት ገባ?" ብለሽ ነዋ! ወይ ጉድ! የስልክ ኦፕሬተር ሆነሽ መደወል አቃተሽ?»

ሊያሳፍራት አስቦ አልነበረም፤ ጆሮ የከዳው ሰው እንደመሆኑ ድምፁን አይመጥንም። ቃሉ አዳራሹን ሞላው፤ የፊት ረድፍ ሰዎች ዞሩ። እትዬ ፊቷ ፍም መሰለ። ቦርሳዋን አነሳች፣ ሦስተኛውን ረድፍ ለቀቀች፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ሄዳ ከበሩ ሥር ተቀመጠች። ጥበቃው ዓይኑን ማመን አቃተው። «እትዬ፣ ታመዋል እንዴ?» አላት። ክራሩ ሲመታ አንዱንም ዜማ አልሰማችው።

ቤቷ ስትገባ ቆሽቷ አርሮ ነበር። ድንች እየላጠች «ማን ጠየቀህ?» አለችው። በሐሳቧ «እርስዎ» ማለቱን ትታ «አንተ» ብላዋለች። «ድንጋይ ስታደቅ የኖርክ ሰው ስለ ሰው ምን ታውቃለህ? ይቀልልሃል አይደል? ማንሳትና መደወል!» ቢላዋውን አስቀመጠችና ደግሞ አነሳችው። ሲመሽም፣ ሲነጋም፣ ልብስ ስታሰጣም ሙግቱ አላበቃም። አንዳንዴ እሱን ወክላ ትመልሳለች፣ መልሱ የባሰ ያናድዳታል። ማቀዝቀዣው ተነስቶ ሲጠፋ ልብ አላለችውም።

ሐሙስ ሲደርስ ተዘጋጅታ ሄደች። የምትለው ሁሉ አንድ በአንድ ተሰድሮላታል። ዝናብ ስለነበረ የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ የድሮ ፊልም ሊታይ መጋረጃው ተሰቅሏል። ጃንጥላዋን አራግፋ አዳራሹን ቃኘች። ሽማግሌው የለም። በሩን እያየች ጠበቀች፤ አንዱ በገባ ቁጥር ትነሳና ትቀመጣለች። መብራት ሊጠፋ ሲል ግን የያዘችው ንግግር ሁሉ ደረቷ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደ። ይሄን ስሜት ታውቀዋለች። ብድግ አለችና ንባብ ክፍሉ ውስጥ ወዳለው መቀበያ ጠረጴዛ ሄደች።

ኃላፊዋ እዚያ ነበረች።

«ልጄ፣ ያ ጆሮአቸው የማይሰማ፣ ረጅም ሽማግሌ... ዛሬ ለምን እንደቀሩ ታውቂያለሽ?»

«አላወቅኩም እትዬ። ምንዎ ናቸው?»

እትዬ ትንሽ አሰበች። ጓደኛዬ እንዳትል ውሸት ነው፤ ምኔም አይደሉም እንዳትልም አሁን ያም ውሸት ሆኗል።

«የተጣላን ሰዎች ነን» አለች።

ኃላፊዋ ሳቋን ውጣ የአባላቱን መዝገብ ኮምፒዩተሯ ላይ ፈለገች፤ ስልኩን አነሳችና ደወለች። የሰውዬው ልጅ ናት ያነሳችው። አባቷ ብርድ መቷቸው ተኝተዋል፣ ክፉ ነገር የለም። «እዚህ የሚጠይቋቸው ሰው አሉ» አለች ኃላፊዋና ስልኩን ለእትዬ አቀበለቻት።

ወዲያኛው ጫፍ ላይ መንኮሻኮሽ ተሰማ፣ ሳል ተሰማ፣ ከዚያም ያ መጠን የሌለው ድምፅ መጣ።

«ማናት? የስልኳ ሴትዮ ናት?»

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?»

«አይሰማኝም! ብቻ ስሚኝ፤ አሁንም መደወል ነበረብሽ!»

በንባብ ክፍሉ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። የእትዬ ደም ፈላ። ከንፈሯን ነክሳ፣ ጀርባዋን ለአንባቢዎቹ ሰጥታ፣ በዚያ የምድር ቤት ድምፅዋ ቃል በቃል እየለየች «መጀመሪያ ይዳኑ፤ ከዚያ እንተሳሰባለን!» አለችና ስልኩን ዘጋች። መስማት አለመስማቱን አላወቀችም።

ፊልሙ ጀምሯል። በጨለማ እየዳበሰች ካገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አዳራሹ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው፤ ጣሪያውን ዝናቡ ይደበድበዋል። መጋረጃው ላይ ሰዎች ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይጨባበጣሉ፤ ማን ማን እንደሆነ አልለየችም። የምትመልስለትን እያማረጠች ነበር።

ስትወጣ ዝናቡ ካፊያ ሆኖ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በሩን ከፍታ ስትገባ ሁለቱ ክፍሎች እንደ ወትሮው ጭጭ ብለዋል። እርጥብ ጫማዋን አውልቃ በመስኮቱ ሥር አስቀመጠች፣ መብራቱን አበራች፣ ለሽማግሌው የምትመልሰውን እያጉተመተመች እራቷን ልታሞቅ ወደ ኩሽና ገባች።