በየትኛው ቃል ላይ ተነሡ?

ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው አንድ ነገር ሊወስድ ነው የሚመጣው። እኔ በዚህ አምኜ ኖሬአለሁ፤ ብዙም አልተሳሳትሁም። መሬት እንደገና በተከፋፈለ በዓመቱማ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው በእኛ በሚካኤል አጥቢያ፣ እርሳስ የያዘ ሰው ብቅ ሲል ሴቱ በር ይዘጋል፤ ወንዱ ማሳው ላይ አጎንብሶ እንዳላየ ይሆናል። ምን ይደረግ? አንዱ መጥቶ "አባወራ፣ ስንት ጥማድ መሬት አለህ?" ብሎ ጽፎ ሄደ፤ ቆይቶ ጥማዱ የሌላ ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲያ ለጠያቂ ልቡን የሚሰጥ ማን ነው?

ሀብትነሽ ተመድባ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። የደምበጫ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ከእርሻው ሌላ በአህያ እህል እየጫነ ቡሬ ድረስ ይነግድ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ሥልጠና ወስዳ፣ የቤት ኤኮኖሚ ሠራተኛ ተብላ እኛ ዘንድ ተላከች። ቀጭን፣ ጠይም፣ ሲናገሯት ቶሎ የማትመልስ ሴት ነበረች። ቶሎ የማይመልስ ሰው ደግሞ እኔ አልወድም። ምን እያሰላ እንደሆነ አይታወቅም።

የመጣችበት ጉዳይ ነቀዝ ነው። የዚያን ዓመት በቆሎው ጥሩ ነበር፤ ነቀዙም እንደዚያው። ቡሬ ገበያ ላይ ነቀዝ የሚገድል ክኒን መሸጥ ጀመረና ሰው እየገዛ በየጎታው ይጨምር ያዘ። ጎታ በእኛ አገር የሚቆመው ጓዳ ውስጥ፣ መኝታው አጠገብ ነው፤ ሌባ እንዳይደፍረው። የእህቴ የወለተ ጊዮርጊስ ጎታ እንኳ ከመደቡ ጋር ተጣብቆ ነበር የቆመው። ልጇ ምሕረት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መጥታ፣ ተገላግላ፣ በዚያ መደብ ላይ ታርሳ ተኝታለች።

ታዲያ በጎረቤት አጥቢያ ባልና ሚስት ደኅና አምሽተው፣ ጧት ሳይነሡ ቀሩ። ሰው ሁሉ "መተት ነው" አለ። ሀብትነሽ ግን "ክኒኑ ነው፤ ከጎታው የሚወጣው ትነቱ ነው የገደላቸው" አለች። ማን ያምናታል? መድኃኒት ተብሎ በአደባባይ የሚሸጥ ነገር ሰው ከገደለ፣ ወይ ነጋዴው ውሸታም ነው፣ ወይ እሷ። እኔ ሁለቱንም ጠረጠርሁ።

ያን ጊዜ የሰንበቴያችን ሙሴ ነበርሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ሰንበቴ ቤት ተሰብስቦ ዳቦውና ጠላው ሲቀርብ፣ ሥርዓት የማስይዘው እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ስለደገምሁ ማስታወቂያ ሲመጣም የማነብበው እኔው ነኝ። አንድ እሑድ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ማኅተም ያረፈበት ባለ ሁለት ቅጠል ወረቀት ሰጠኝ። ሀብትነሽ ያዘጋጀችው፣ በአለቃዋ ትእዛዝ የተደረደረ፣ የክኒኑ መመሪያ ነው ተባለ።

ማንበብ ጀመርሁ። በመጀመሪያ የመመሪያው ዓላማ፣ ቀጥሎ የመመሪያው ጠቀሜታ መጣ፤ ሰው ዳቦውን እየቆረሰ ታገሠ። ከዚያ "የእያንዳንዱ አባወራ ጎታ ብዛትና በኩንታል የሚይዘው መጠን አስቀድሞ ይታወቅ" የሚል ደረሰ። ሽማግሌው ይርሳው በትሩን አነሣ። ከጎኑ ያለው ጋቢውን ሰበሰበ። ሴቶቹ "በስማም" እያሉ ተነሡ። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ሰንበቴ ቤቱ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ጠላውን እንኳ ጨልጦ የወጣ ጥቂት ነው። እኔም ወረቀቱን አጠፍሁት። ኩንታል የሚቆጥር ወረቀት ከዚያ በታች ምን ደግ ነገር ሊኖረው ነው? ዛሬም ቢመጣ አጥፈዋለሁ።

በማግስቱ ሀብትነሽ በረቴን ሳጸዳ መጣች።

"አያ አድማሴ፣ እንደምን አደሩ?"

"ደኅና።"

"ትናንት ወረቀቱን ሲያነብቡ ሰው ተነሣ ብለው ነገሩኝ።"

"ተነሥቷል።"

"በየትኛው ቃል ላይ ተነሡ?"

መዛቄን አቆምሁ። ስንት ጠያቂ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። "ማን ማን እንደተነሣ ልትጽፊ ነው?" አልኋት።

"ኧረ በማርያም! ስም አልፈልግም። ቃሉን ብቻ ነው የምፈልገው።"

"ቃሉን ከያዝሽ ሰውየውን ለመያዝ ምን ይቀርሻል?"

እንደልማዷ ቶሎ አልመለሰችም። "እህል የሚቆጠር መስሏቸው ይሆን?" አለች በመጨረሻ። እኔ እበቴን መዛቅ ቀጠልሁ። ጥቂት ቆማ ሄደች።

ሳምንቱ ሳያልቅ ቤት ያከራያት እጅጉ መጣ። እሱ እንኳን ጥርጣሬ ተጨምሮበት እንዲሁም ቢሆን ጥላውን የሚፈራ ሰው ነው። "አያ አድማሴ፣ ያችን ልጅ መጥተው ይዩልኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ወረቀት በመቀስ እየተለተለች፣ በያንዳንዱ ላይ እየጻፈች፣ ሰሌን ላይ ትደረድራለች። በያንዳንዱ ላይ ጠጠር ታስቀምጣለች። ከዚያ ታነሣለች፣ ታለዋውጣለች፤ ለብቻዋም ታነበንባለች። ቤቴን ምን ልታደርገው ነው?"

ጠጠር የሚጥል ጠንቋይ አውቃለሁ፤ ክታብ የሚጽፍም አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘች የመንግሥት ሠራተኛ ግን አላየሁም። እጅ ከፍንጅ ልይዛት በጠራራ ፀሐይ ሄድሁ።

በሩ ክፍት ነው። ሀብትነሽ ሰሌኑ ላይ ተንበርክካ ቁርጥራጭ ወረቀቶቿን ትመለከታለች። ስታየኝ አልደነገጠችም፤ አልሸሸገችም። ይኸ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

"ይግቡ፣ አያ አድማሴ። ጠጠሩን ብቻ እንዳይረግጡብኝ፤ ነፋስ ወረቀቴን ይወስደዋል።"

"ምንድር ነው ይኸ?"

"ያ መመሪያ ነው። አንዱን ሐሳብ ባንድ ቁራጭ ጽፌ፣ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም እየሞከርሁ ነው። ሙሉ ገጽ ከሆነ አይንቀሳቀስልኝም፤ ቁራጭ ሲሆን አነሣዋለሁ።" ትንሽ አሰበችና ቀጠለች። "አባቴ አህያ ሲጭን፣ መንገድ ላይ ቀድሞ የሚፈለገውን ከላይ ነበር የሚያስረው። ሸራው ከጭነቱ ሥር ከሆነ ዝናብ ሲመጣ እህሉ እስኪራገፍ ይበሰብሳል። የእኔም ወረቀት ሸራው ከሥር የገባበት መስሎኛል። የቱ እንደሆነ ነው የጠፋኝ።"

ለወግ ያህል ጎንበስ ብዬ ከላይ ወደታች አነበብሁ። ዓላማው፣ ጠቀሜታው፣ ኩንታሉ፣ የክኒኑ ብዛት፣ የጎታው አፍ አመራረግ። ከሁሉ በታች፣ ሰሌኑ ጫፍ ላይ፣ "ክኒን የተጨመረበት ቤት ውስጥ ሰው እንዳያድር" የሚል ቁራጭ አለ።

"ይኸስ?" አልሁ። "ይኸ ያኔም ነበረበት?"

"ነበረ። ሁለተኛው ቅጠል ግርጌ ላይ።"

ንዴቴ ገነፈለ። "የሚገድለውን ከሥር፣ ኩንታሉን ከላይ! መደበቃችሁ አይደል? ሰው ከሥር የሚያደርገው የሚደብቀውን ነው! ነገ ሰው ሲሞት 'ጽፈን ነበር' ልትሉ ነው!"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቁራጩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጠጠሩን አነሣች፣ ወረቀቷን ይዛ ሰሌኑን ዞረች፣ ከሁሉም በላይ አስቀመጠችው። "አልደበቅነውም" አለች ቀስ ብላ፤ "ሰው ካልደረሰበት ግን ከመደበቅ አይለይም። ሌላስ ምን የተደበቀ ይታይዎታል?"

ምን ልበላችሁ? ተቀመጥሁ። ልይዛት የሄድሁት ሰውዬ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ እያንዳንዱን ቁራጭ ስጠረጥር ዋልሁ። የጎታው ብዛት ማንን ይጠቅማል? አልኋት። መሥሪያ ቤቱን፣ አለች። እንግዲያ ለመሥሪያ ቤቱ ላኪው፣ አልሁ፤ ከሰሌኑ ወጣ። ዓላማውም ወጣ፣ ጠቀሜታውም ወጣ። "ይገድላል አልሽ፤ ከመግደሉ በፊትስ ምን ያደርጋል? ሰውዬው በምን ይወቀው?" ብዬ ስጠይቃት እርሳሷን አንሥታ አዲስ ቁራጭ ጻፈች፤ ራስ ያማል፣ ያስመልሳል፣ ደረት ይይዛል፤ የታመመውን ቶሎ ወደ ነፋስ አውጡት፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሁለተኛ አደረገችው። ይህን ሁሉ ስታደርግልኝ ተደሰትሁ ማለት አይደለም። ሰው የምለውን ቶሎ ሲቀበለኝ ሌላ ጥርጣሬ ያድርብኛል።

አለቃዋ አዲሱን ወረቀት መግቢያ የለውም ብሎ ማኅተም ከለከላት። በእጇ ገልብጣ፣ በባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። ማኅተም የሌለው ነገር ሰንበቴ ላይ ሳነብብ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደግሞም ደስ አለኝ፤ ማኅተም ያለበትን ያህል አላስፈራኝም።

እሑድ ደረሰ። ሰው ወረቀቱን ገና እጄ ላይ ሲያይ ጋቢውን መሰብሰብ ጀመረ። ቶሎ ብዬ አነበብሁ። "ክኒን በጨመራችሁበት ቤት ሰው አይደር፣ ሰው አይዋል፤ አራስና ሕፃን ቀድመው ይውጡ።"

በሴቶቹ በኩል ጽዋ ወድቆ ተሰበረ። ቀና ስል እህቴ ወለተ ጊዮርጊስ ተነሥታለች። ተናደድሁ፤ ገና በመጀመሪያው ቃል፣ የገዛ እህቴ፣ በሰው ፊት! "ወለቴ፣ ተቀመጭ!" አልሁ። አላየችኝም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ መሬት እየጎተተ፣ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። ትናንት የቡሬ ገበያ እንደነበር፣ ወለቴም ገበያ ወርዳ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ወረቀቱን እንደጨበጥሁ ተከተልኋት፤ ሰንበቴው ሁሉ ተከተለን።

የጓዳው መጋረጃ ወርዷል፤ አራስ ነፋስ እንዳይነካት መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል። የጎታው አፍ በእበት ተመርጓል፤ ጎኑ ግን ስንጥቅ ነው። ከክኒኑ ትነት የተነሣ ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ምሕረት ሕፃኑን ታቅፋ፣ ግንባሯን በእጇ ይዛ፣ "ራሴን፣ እናቴ፣ ራሴን" ትላለች። አስመልሷታል። ልናነሣት ስንል አሮጊቶቹ በሩን ያዙት። "እግዚኦ! አራስ እንዴት ፀሐይ ላይ ትወጣለች? ምች ሊመታት ነው!"

ምን ብዬ ልከራከር? እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ዘረጋሁና ሁለተኛውን መስመር በቁጣ አነበብሁት። ራስ ያማል፣ ያስመልሳል፤ ወደ ነፋስ አውጡት። የሚያዩትና የሚሰሙት አንድ ሆነባቸው። በሩን ለቀቁ። ምሕረትን ከነመኝታዋ ተሸክመን ግራሩ ሥር አወጣናት፤ ሕፃኑን እናቱ ደረቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ በቃሬዛ ወደ ቡሬ ገሠገሥን። ሀብትነሽም ጩኸቱን ሰምታ ደርሳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ አብራን ሄደች።

ሁለቱም ዳኑ። ልጁ በቀኑ በሚካኤላችን ክርስትና ተነሣ።

ክረምቱ ሲገባ ሀብትነሽ ወደ ዱርቤቴ ተዛወረች። ለሥራው ተብሎ ነው አሉ። እኔ ያለ ማኅተም ስላስነበበች ነው ባይ ነኝ፤ ማስረጃ የለኝም፣ እንዲያው ጠርጥሬ ነው። ልትሄድ ስትል እጅጉ ቤት ሄድሁ። ዕቃዋን ስታሳስር ደረስሁ፤ ሸራው ከላይ ነው።

"አያ አድማሴ! ምነው፣ ምሕረት አሟት ነው?"

"ደኅና ናት። አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ።"

"ምን ጠይቄዎት?"

"በየትኛው ቃል ላይ ተነሡ ብለሽኝ ነበር።"

እጇ ገመዱ ላይ ቀረ።

"በመጀመሪያው" አልኋት። "የተነሣችው እህቴ ወለተ ጊዮርጊስ ናት። ስሟንም ጻፊው።"